ሥዕልና ስም
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር



በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ በሥዕሉ ዙሪያ የተጻፈውን ጽሑፍ ያውቃል። ሠዓሊው ታሪኩን ከሣለ በኋላ «ዘከመ» ብሎ ጀምሮ የሆነውን ነገር በግዕዝ ይጽፍበታል። ገንዘቡን አውጥቶ ሥዕሉን ያሣለው ሰውም በቅዱሱ እግር ሥር ወድቆ፥ እጁን ዘርግቶ ይሣልና «ዘተማኅፀነ» ከሚለው ቃል ጋራ ስሙ ይጻፋል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚስቱና የልጆቹ ስም ይጨመራል። መጽሐፍ የተጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ የጻፈውና ያጻፈው በፍጻሜው ይታሰባሉ። ይህ ሥርዓት ለክብር ብቻ የተሠራ አይምሰል። ስም ያልተጻፈበት ሥዕል ሦስት ትውልድ ካለፈ በኋላ ማን እንደ ሆነ የሚያውቀው ሰው ስለማይገኝ፥ የሚያየው ሁሉ እንደ ወደደ ይተረጉመዋልና ነው።

የዚህ ንግግር ነገር ግን በብሩሽ ስለሚሣለው ሥዕል አይደለም። በካሜራ ስለሚነሣው፥ ይኸውም ስለ ፎቶግራፍ፥ ስለ ሲኒማና ስለ ቴሌቪዥን ነው። ከቡሬ ተነሥቶ በማንኩሳ፥ በፍኖተ ሰላም፥ በጅጋና በደምበጫ አልፎ ደብረ ማርቆስ የሚገባው መንገድና በዙሪያው ያለው የጎጃም አገር ብዙ ጊዜ በሥዕል ተነሥቷል። ሥዕሉም ባሕር ተሻግሮ በሩቅ አገር ታይቷል፤ በዚያም ተቀምጧል። በሥዕሉ ውስጥ የቆመው የአገሩ ሰው ግን ስሙ ከእርሱ ጋራ አልተሻገረም። ይህ ጉባኤ በበዓሉ ምክንያት ሽማግሌዎችን ሁሉ በአንድ ቦታ ስለ ሰበሰበ፥ ነገሩን ለማንሣት ከዚህ የሚሻል ቀን አይገኝም።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጠባይ ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ ሲጠሩ የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የለም። ቅኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ይባላል፤ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ባለ ቅኔው በማኅሌት መካከል ቆሞ መወድሱን ካሰማ በኋላ፥ በቦታው የነበረ ጆሮ የያዘውን ይይዛል፤ ያልተያዘው ይጠፋል። እንደዚህ ሆኖ የሚኖር ሕዝብ ማስታወስን ለጆሮ ሰጥቶታል። እገሌ በእገሌ ዕለት እንዲህ ተቀኘ ሲባል የሰውየው ስም ከቅኔው ጋራ ይሄዳል፤ ስሙ የጠፋ እንደ ሆነ ቅኔውም ግማሹን ያጣል፤ ማን ለማን እንደ ተቀኘው ካልታወቀ ወርቁ አይገኝምና። ካሜራ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መልኩን ሳይለውጥ መቶ ጊዜ ይደግመዋል፤ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አይናገርም።

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ምን እንዳለ ይታወቃል። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። የዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ዳሩ ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ የመረመረው እንደ ሆነ ሳቁን ይቀንሳል። በጨለማ ቤት ውስጥ ሰው ይታያል፤ ይሄዳል፥ ይስቃል፥ ይሞታል፤ ከየት እንደ መጣና የማን ልጅ እንደ ሆነ ግን ለጠያቂ አይመልስም። የሰው መልክ ያለ ስም ሲንቀሳቀስ ያየ የአባቶች ልብ ቢደነግጥ የሚያስወቅሰው አይደለም። ያ ድንጋጤ አልፎ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ፤ ዛሬም ሥዕሉ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ በስልክ ገብቶ ይኖራል። የሚያስደነግጠው ነገር ተለመደ እንጂ ጥያቄው አልተመለሰም።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ከዚያም በበለያ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ወጡ። ከሱዳን ጭነት ተሸክመው የተነሡት ብዙ ሺህ ግመሎች በዚያ ገደልና ብርድ አለቁ። የኢጣልያ ጦር የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቅቆ በዚሁ መንገድ፥ በማንኩሳና በጅጋ በኩል፥ ወደ ደምበጫ ወረደ። በየካቲት 27 ቀንም በስደት ከነበሩ ኢትዮጵያውያን የተሰበሰበው ሁለተኛው ባታሊዮን ከደምበጫ አጠገብ መንገድ ላይ ቆሞ፥ በቍጥር እጅግ የሚበልጠውን ጦር ተጋጠመው። ጦሩ ሰብሮ አለፈ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ።

ከዚህ ዘመን የቀረ አንድ የታወቀ ፎቶግራፍ አለ። በደምበጫ ምሽግ ውስጥ የተነሣ ነው፤ ሚያዝያ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. የሚል ቀን ተሰጥቶታል፤ የሚጠበቀውም በእንግሊዝ አገር በንጉሠ ነገሥታዊው የጦርነት ሙዚየም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመካከል፥ ብርጋዴር ሳንፎርድ በአንድ ወገን፥ ኮሎኔል ዊንጌት በሌላው ወገን ሆነው ይታያሉ። ስለ ጎጃም ዘመቻ የሚጽፍ ሁሉ ይህንን ሥዕል በመጽሐፉ ያገባዋል። የሦስቱም ስም ተጽፏል፤ ይህም የሚገባ ነው። ለሁለቱ እንግሊዛውያን ደግሞ ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ በየስማቸው ትምህርት ቤት ተጠራላቸው።

ነገር ግን ምሽጉ በማን እጅ ተሠራ? ድንጋዩን ማን ተሸከመ? ሥዕሉ ከመነሣቱ 40 ቀን ያህል አስቀድሞ በመንገዱ ላይ የወደቁትስ የማን ልጆች ናቸው? አምስት ዓመት በዱር ሆነው ጠላትን ያስጨነቁት የጎጃም አርበኞች፥ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፥ እነ በላይ ዘለቀ በታሪክ ስማቸው አለ። ከእነርሱ በኋላ የተከተለው፥ እህል በሌሊት ያመላለሰችው፥ ቍስለኛ በጎተራ ጀርባ የሸሸገው ግን በዚያ ሥዕል ውስጥ ቦታ የለውም። ፎቶግራፉ የሚዋሽ አይደለም፤ ከፊቱ የቆመውን አሳይቷል። ከፊቱ ማን እንዲቆም የወሰነው ሰው ግን የዚህ አገር ሰው አልነበረም።

በዚሁ መንገድ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬውን ስሟን የሰጧት ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው የመመለሻ ጕዞ ላይ ሳሉ እንደ ሆነ በአገሩ ይነገራል። እንግዲህ ከዚያ ቀን በፊት የተነሣ ሥዕል ቢገኝና «ወጀት» የሚል ቢጻፍበት፥ የዛሬ ልጅ የት አገር እንደ ሆነ አያውቀውም። ሽማግሌ ያለ እንደ ሆነ ያውቀዋል። ይህን ያህል ነው የስም ነገር፤ አንድ ቃል ተለውጦ አገር ያስጠፋል።

ከሰው ወደ ውኃ ሲሻገሩ የካሜራ ጥቅም ጎልቶ ይታያል፤ ስለዚህ እርሱን መውቀስ ብቻ ፍርድ አይሆንም። ጢስ ዓባይን ያላነሣ የኢትዮጵያን አገር ሊያሳይ የመጣ ባለ ካሜራ የለም ለማለት ይቻላል። የአንድ ብር ኖት እንኳ በጀርባው የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ይዞ በገበያ ሁሉ ዞሯል። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በዚያ ቦታ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ተጨመረ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ውኃ ወደ ሌላ ወገን ወሰደ። ውኃው ወደ ማመንጫው ሲመራ ፏፏቴው ይሳሳል፤ በበጋ የሄደ እንግዳ «ያ ሁሉ ጢስ የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጅም አባቱን «ድሮ ከዚህ እስከዚያ ይሞላ ነበር» ሲለው እንደ ተረት ይሰማዋል። ከ1993 ዓ.ም. በፊት የተነሣውን ፊልም ያየ እንደ ሆነ ግን አባቱ ምስክር አገኘ። በዚህ ነገር ካሜራ ለሽማግሌው ቃል ዋስ ሆኖለታል።

በ1996 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሰዎች ከጣና ተነሥተው በዓባይ ላይ በጀልባ እስከ እስክንድርያ ወረዱ፤ የተነሣውም ፊልም በ1997 ዓ.ም. እጅግ ሰፊ በሆነ መጋረጃ ላይ በዓለም ታየ። ውኃውን ከላይ እስከ ታች በመውረድ የመጀመሪያዎቹ ተብለው ስማቸው ተጠራ፤ ድካማቸው ታላቅ ነውና ምስጋናው አይቀናባቸውም። ዳሩ ግን «የመጀመሪያ» የሚለው ቃል በዓባይ አገር የቆየ ታሪክ አለው። ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ሰከላ ደርሶ የግሽ ዓባይን ምንጭ ባየ ጊዜ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ነበር፤ ፔድሮ ፓኤዝ ግን ከእርሱ 150 ዓመት ያህል አስቀድሞ በ1610 ዓ.ም. አይቶት ሄዷል። ሁለቱም በመጡ ጊዜ በምንጩ ዳር የሚኖረው የሰከላ ሰው ውኃውን ሲጠጣ አገኙት። ያ ሰው ስንተኛ እንደ ተባለ የጻፈ የለም።

አሁን ወደ ማንኩሳ መድረስ ይገባል፤ የነገሩ ጭብጥ በዚያ ነውና። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። የመጽሐፉ ነገር ከማንኩሳ ይጀምራል፤ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ በዚያ ሆነው በዛብህን ይወልዳሉ። ልጁም አድጎ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ይሆናል፤ ወደ ዲማ ይሄዳል፤ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ያገኛል። ከዚህ በኋላ ያለውን የማያውቅ ከዚህ ጉባኤ ጥቂት ሰው ነው።

ማንበብ የማይችለው ሕዝብ መጽሐፉን በጆሮው አገኘው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ተረከው። የወጋየሁን ድምፅ የሰማ ሰው የጉዱ ካሣን ንግግር ሌላ ሰው ሲያነብበው አይጥመውም። ከላይ እንደ ተባለው ይህ አገር የጆሮ አገር ስለ ሆነ፥ በሬዲዮ የመጣው ታሪክ በቀላሉ ገባለት፤ የማንኩሳንም ዳገት፥ የዲማንም ደጀ ሰላም እያንዳንዱ ሰሚ በየልቡ ሣለው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ታሪኩን ድራማ አድርጎ በቴሌቪዥን አሳየው። መልክ ተሰጠውና በየሰው ልብ የነበረው ሥዕል ከመስኮቱ ሥዕል ጋራ ተጣላ፤ በዛብህ እንዲህ አይደለም፥ ሰብለም እንዲህ አይደለችም የሚል ክርክር መነሣቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ክርክሩ ለድራማው ነውር አይሆንበትም። ብዙ ዓመት በድምፅ የኖረን ሰው ሥጋ ማልበስ ቀላል ሥራ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። በዛብህ አልተወለደም፤ ከደራሲው ልብ የወጣ ነው። ሆኖም የእናቱና የአባቱ ስም፥ የትውልድ አገሩ፥ የተማረበት ደብር፥ የወደዳት ሴት ስም በኢትዮጵያ ሁሉ ይታወቃል። በድራማውም ፍጻሜ የተጫዋቾቹ፥ የባለ ካሜራው፥ የልብስ አዘጋጁ ስም በተራ ይወርዳል። በአንጻሩ እውነተኛ ሰው፥ በዚህ አገር ተወልዶ፥ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ፥ ሲያርስ ወይም ጥምቀት ሲያከብር ካሜራ ያገኘው ሰው በፊልሙ ውስጥ «የአገሩ ገበሬ» ይባላል። እናቱ «ውኃ የምትቀዳ ሴት» ትባላለች። መሪጌታው ጸናጽል ይዞ ሲዘም ይታያል፤ ከበታቹ «ካህን» ተብሎ ይጻፋል። እንግዲህ ያልነበረው ሰው በስሙ ሲኖር፥ የነበረው ሰው ያለ ስም ቀረ ማለት ነው። በቅኔ ቤት ቋንቋ ሲነገር፥ ሰሙ ተቀምጦ ወርቁ ጠፋ።

ጥፋቱ የባዕድ ሰው ብቻ አይደለም። የአገር ልጅም ያደርገዋል፤ ይልቁንም ዛሬ የአገር ልጅ ይብሳል። በያሬድ ዘለቀ የተሠራው «በግ» የተባለው ፊልም በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን በዓል ይፋ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ፤ የሰሜኑም ደጋ በዚያ ታየ፤ የኢትዮጵያ ልጆች በሥራቸው እስከዚያ ደርሰዋል። በየቤቱ ያለው ግን ሌላ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በሠርግና በተዝካር የተነሣ የቪዲዮ ካሴት በሣጥን ውስጥ ጢስና አቧራ ይጠጣል። ክሩ በእርጥበት ይጣበቃል፤ የሚያጫውተው መሣሪያም ከገበያ ጠፍቷል። በዚያ ካሴት ውስጥ በበዓለ ንግሥ ታቦት ሲወጣ የሚታዩት አባቶች ብዙዎቹ ዐርፈዋል። ከበሮውን የመታው ማን ነው፥ ጃንጥላውን የያዘው ልጅ የማን ነው ቢባል የሚመልሱ ሦስት አራት ሽማግሌዎች ቀርተው ይሆናል። እነርሱም ዓይናቸው እየደከመ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ደብር ካህናትና ምእመናን የሚቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። በየቤቱ ያለው ፎቶግራፍና ካሴት ለአንድ ወቅት ወደ ሰንበቴው ቤት ይምጣ። ካሴቱ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ወደ አዲስ መሣሪያ ይገልበጥ፤ ይህ ሳይዘገይ የሚሠራ ነው፤ ክሩ ከተጣበቀ በኋላ ገንዘብ አይመልሰውምና። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሥዕሉን ይዩት፤ አንድ ዲያቆን አጠገባቸው ሆኖ የሚሉትን ይጻፍ። አንዱ እገሌ ነው፥ ሌላው አይደለም ያለ እንደ ሆነ ሁለቱም ይጻፉ፤ ክርክሩ ራሱ ነገር ያስታውሳል። ሴቶቹ እንዳይዘነጉ፤ ወንዶቹ ሽማግሌዎች ሹሙን ሲያስታውሱ፥ እናቶች ደግሞ ከኋላ የቆመውን ሁሉ በዝምድናው ያውቁታል፤ የማን አማች፥ የማን የክርስትና ልጅ እንደ ሆነ ለመለየት ከእነርሱ የሚቀድም የለም። እንዲያውም ይህን ሥራ ለእናቶች ብቻ መስጠት ሳይሻል አይቀርም።

በዚህ በዓልም ካሜራ ብዙ ነው። ለሚያነሡት ወጣቶች ሦስት ነገር ይነገራቸው። አንደኛ፥ መቅደሱ የተከለከለ መሆኑን ያውቃሉ፤ በቅድስትም በቅዳሴ ጊዜ መብራት እያበሩ መዞር አይገባም። ሁለተኛ፥ በደጅ ቆሞ የሚለምነውን ነዳይ ሳያስፈቅዱት አያንሡት፤ ድኅነቱ የእርሱ ነው፥ ለሌላ ሰው ማሳያ አይደለም። ሦስተኛ፥ ያነሡትን ሰው ስሙን ይጠይቁት፤ ጠይቀውም ይጻፉት። ከውጭ አገር የመጣ ባለ ካሜራም ፈቃድ ሲለምን ይኸው ይነገረው፤ የደብሩ አለቃ ፈቃዱን ሲሰጥ፥ በሥዕሉ የሚታዩት ሰዎች ስም በፊልሙ እንዲጻፍና የፊልሙም ግልባጭ ለደብሩ እንዲሰጥ ይጠይቅ። ይህን ቢጠይቅ ማንም እንግዳ አይቀየምም፤ ሳይጠየቅ ግን የሚያደርገው ጥቂት ነው።

በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የዓለም ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ፥ የተወለደበት ጎጥ፥ ሥዕሉ የተነሣበት ቀንና በዓል ይሁን። ዓመቱ በውል የማይታወቅ እንደ ሆነ «የእገሌ ሠርግ በሆነ ዓመት» ወይም «ድርቁ በሆነ በማግሥቱ ክረምት» ተብሎ ይጻፍ፤ በኋላ የሚመጣው ቆጥሮ ያገኘዋል። የክርስትና ስሙ ግን ከዚያ መዝገብ አይገባም፤ እርሱ በንስሐ አባቱ ዘንድ ይቆያል።